ከሆስፒታል በር እስከ ኮንጋ ደጃፍ

ከዲላ ተነስቶ ወደ ሞያሌ የሚወርደው አስፋልት ወናጎን አልፎ ይርጋጨፌ ይገባል። ከይርጋጨፌ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄድ ሲሉ ኮንጋ ነው። የቀበሌዋን ስም ቡናዋ ባሕር አሻግሮታል፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ቡና ቤቶች መደርደሪያ ላይ «ኮንጋ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ከረጢት ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ መሬቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ቁልቁል ይወርዳል። ከላይ ዋንዛውና ብርብራው፣ መሐል ላይ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ሥር ቡናው። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ይኸው ነው። ለቡና እንዲህ የተመቸ ተዳፋት ግን ለታመመ እግር አይመችም። ባጃጅ ጥርጊያው እስከሚያልቅበት ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ በእግር ነው፣ ወይም በሰው ትከሻ።

በዚህ መንገድ ከሆስፒታል ወደ ቤታቸው የሚመለሱ አንዲት እናት አሉ እንበል። ዕድሜያቸው ስልሳዎቹን አጋምሷል። ደም ግፊት እንዳለባቸው ሳያውቁ ኖረው አንድ ማለዳ ስትሮክ ጣላቸው፤ ቀኝ እጅና እግራቸው አልታዘዝ አለ፣ አንደበታቸው ተሳሰረ። ዲላ ተወስደው ሕይወታቸው ተረፈ። ከቀናት በኋላ ሐኪሙ መድኃኒት ጽፎ፣ የቀጠሮ ቀን ሰጥቶ አሰናበታቸው። ልጆቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው አስገቧቸው። ጎረቤቱ ቤቱን ሞላው፤ ቡና ተፈላ፣ ቆጮ ተጋገረ፣ ወተት መጣ። ሁሉም «እግዜር ይማርዎት» ብሎ ሄደ። እርሳቸው ግን በጀርባቸው እንደተኙ ናቸው። በስንት ሰዓት እንደሚገለበጡ፣ ውኃ ሲጠጡ ለምን ትን እንደሚላቸው፣ የላላው እጅ በምን እንደሚደገፍ ለልጆቻቸው የነገራቸው የለም።

እኚህ እናት በስም የሚጠሩ አንዲት ሰው አይደሉም። የገጠሩን ኑሮ የሚያውቅ አንባቢ ግን በየመንደሩ አይቷቸዋል።

የጎደለው ፍቅር ነው የሚል ካለ ጌዴኦን አያውቅም። በሶንጎ፣ ማለትም በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ነገሩን የሚዳኝ፣ በባሌ ሥርዓቱ በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን የሚያሸጋግር ሕዝብ አዛውንቱን አይጥልም። የጎደለው ሙያ ነው። በሆስፒታሉ በርና በጎጆው ደጃፍ መካከል ያለውን ሥራ የሚሠራ የሠለጠነ እጅ ጎድሏል።

ሌሎች ሀገሮች ይህን ክፍተት ለመሙላት አንድ ተቋም አቁመዋል። ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው የነርስ እንክብካቤና የተሃድሶ ሕክምና ማዕከል ልንለው እንችላለን። ሆስፒታል አይደለም፤ ቀዶ ጥገና አይሠራበትም። ቤትም አይደለም፤ ነርስ ሌት ተቀን ይገኝበታል። ስትሮክ የመታው፣ የዳሌ አጥንቱ ተሰብሮ የተጠገነ፣ ከከባድ ቀዶ ጥገና የተነሳ ሰው ቤቱ ገብቶ ራሱን ችሎ ለመኖር እስኪበቃ ለሳምንታት የሚቆይበት ስፍራ ነው። በአሜሪካ ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን ቢያንስ 3 ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ለወጣ ሰው በዚህ ዓይነት ማዕከል እስከ 100 ቀን የሚደርስ ቆይታ ይሸፍናል። የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ሙሉ ክፍያ የመድኑ ነው፤ ከዚያ በኋላ ታማሚው በየቀኑ ድርሻውን ይከፍላል።

እኛ አገር ይህ ነገር ሲነሳ ብዙ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። «እናቱን አውጥቶ ለሰው ሰጠ» መባል ያስፈራል፤ ፍርሃቱም ምክንያት አለው፣ በሌላው ዓለም ጠያቂ የሌላቸው አዛውንቶች ዕድሜያቸውን የሚጨርሱባቸው ተቋማት አሉና። ሁለቱን መለየት ግን ይገባል። የመጦሪያ ቤት ሰው የሚኖርበት ነው። የተሃድሶ ማዕከል ሰው ሊወጣበት የሚገባበት ነው፤ የሚወጣበት ዕለት መታሰብ የሚጀምረውም በገባበት ዕለት ነው። ቤቱ ስንት ደረጃ አለው? መጸዳጃው ከመኝታው ምን ያህል ይርቃል? ማን ያበስልለታል? ሕክምናው የሚታቀደው ከእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ተነስቶ ነው።

በእንዲህ ያለ ማዕከል ቀኑ የሚጀምረው በማለዳ ነው። ረዳቷ ትገባለች፣ መጋረጃውን ትገልጣለች፣ የደም ግፊቱን፣ ትኩሳቱንና ትንፋሹን ትለካለች። ሌሊቱን በግራ ጎኑ የተኛውን ወደ ቀኝ ታገላብጣለች፤ ቁርጭምጭሚቱን፣ ዳሌውንና የጀርባውን መጨረሻ ቆዳው መቅላቱን ወይም መጥቆሩን ታያለች። ከዚያ ልብስ መልበስ ይመጣል፤ ትልቁ ትዕግሥት የሚጠየቀው እዚህ ላይ ነው። ረዳቷ ሸሚዙን በሁለት ደቂቃ ልታለብሰው ትችላለች። እርሷ ግን ቆማ ታያለች፤ ታማሚው መጀመሪያ የደከመውን እጅ፣ ቀጥሎ ጤነኛውን እያስገባ፣ ቁልፉን በአንድ እጁ እየታገለ ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል። ያ ሃያ ደቂቃ የሕክምናው ክፍል ነው።

ከቁርስ በኋላ ፊዚዮቴራፒስቱ ይመጣል። በታማሚው ወገብ ላይ ሰፊ ቀበቶ ያስርና ከኋላ ይዞ ከወንበር ያስነሳዋል፤ ሁለት አግዳሚ ብረቶች መሐል አቁሞ መጀመሪያ ክብደቱን ከእግር ወደ እግር እንዲያዛውር፣ ከዚያ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ሁለት እንዲራመድ ያደርገዋል። የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዋ ሥራ ደግሞ የዕለት ኑሮ ነው፤ ማንኪያ መያዝ፣ ፊት መታጠብ፣ ምድጃ ላይ ድስት መጣድ። በብዙዎቹ ማዕከላት ለልምምድ ብቻ የተሠራ ወጥ ቤት አለ። ሦስተኛው ባለሙያ የንግግርና የመዋጥ ችግርን የሚያክም ነው። ስትሮክ የጉሮሮን ጡንቻ ስለሚያደክም ውኃ ወደ ሳንባ ሊገባ፣ የሳንባ ምች ሊያስከትልና ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ታማሚው ምን ያህል ወፍራም ነገር መዋጥ እንደሚችል ሳይፈተሽ ብርጭቆ አይሰጠውም።

ከሰዓት በኋላ ዕረፍት አለ፣ ጠያቂ አለ፣ ካርታ ወይም ሙዚቃ አለ። ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ ቴራፒስቶቹና ቤተሰቡ በየጊዜው አንድ ላይ ተቀምጠው እቅዱን ይገመግማሉ። እንደዚህ ያለ ቀን ይደጋገማል። አሰልቺ ይመስላል፤ የተጎዳ አንጎል እንደገና የሚማረው ግን በመደጋገም ነው። ከስትሮክ በኋላ መሻሻሉ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አካባቢ በመሆኑ፣ ያ ጊዜ በጀርባ ተኝቶ ካለፈ ኪሳራው ትልቅ ነው።

ይህን ሥራ ከማንም በተሻለ የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን አሉ። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ሚኒሶታ ውስጥ ባሉ ማዕከላት ሌሊት የሚያድሩ፣ ሰው የሚያገላብጡ፣ የሚያጥቡ፣ የሚያጎርሱ ብዙ ሐበሾች አሉ። በዲያስፖራው ዘንድ «ሲኤንኤ» የሚባለው የረዳት ነርስነት ሙያ የስንቱን ቤተሰብ ኪራይ ከፍሏል፣ ስንቱን ልጅ እዚህ አስተምሯል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለዚህ ሙያ የሚጠይቀው ትንሹ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው፤ ብዙ ግዛቶች ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። ቁጥሩን አንባቢ ልብ ይበል፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ስለ ተሃድሶ ሕክምና ለመናገር ግን አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከሁሉ የጎላው ምሳሌ የራሳችን ሰው ነው።

ሻምበል አበበ ቢቂላ በሮምና በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ አሸንፎ ዓለም ካወቀው ከዓመታት በኋላ፣ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የሚያሽከረክራት ቮልስዋገን ተገልብጣ አከርካሪውን ተጎዳ። ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ አልቻለም። በዚያው ወር ወደ እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንዴቪል ወደተባለው ሆስፒታል ተወሰደ። ምርጫው በአጋጣሚ አልነበረም። በዚያ ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳት ክፍልን እ.ኤ.አ. በ1944 የከፈቱት ሉድቪግ ጉትማን ከናዚ ጀርመን የሸሹ አይሁዳዊ ሐኪም ነበሩ። ከእርሳቸው በፊት አከርካሪው የተሰበረ ሰው እንደ ሙት ይቆጠር ነበር፤ በአልጋ ቁስልና በሽንት ኢንፌክሽን ብዙው ሳይቆይ ያልፍ ነበርና። ጉትማን የጀመሩት ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው። ታማሚው በየሁለት ሰዓቱ፣ ቀንም ሌሊትም፣ ይገላበጥ አሉ። ሌሊት ራሳቸው እየተነሱ ሥራው መሠራቱን ይቆጣጠሩ ነበር። ሞቱ በእጅጉ ቀነሰ። ቀጥለው ደግሞ ከአልጋቸው አስነስተው ስፖርት አሰሯቸው፤ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ ጁላይ 29 ቀን 1948 እ.ኤ.አ.፣ 16 ተወዳዳሪዎች በሆስፒታሉ ግቢ በቀስት ኢላማ ተወዳደሩ። የዛሬው ፓራሊምፒክ የወጣው ከዚያ ግቢ ነው።

አበበ እዚያ ስምንት ወር ያህል ቆየ። እግሮቹ አልተመለሱም። እጆቹ ግን ተመለሱ። እግሩን አጥቶ የመጣው ሯጭ ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወት ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ተወዳደረ። በቀጣዩ ዓመት ኖርዌይ ውስጥ በተካሄደ የአካል ጉዳተኞች ውድድር በበረዶ ጋሪ የ25 ኪሎ ሜትር እሽቅድምድም አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1972 የሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ሲገባ ስታዲየሙ ቆሞ አጨበጨበለት። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ በአንጎል ደም መፍሰስ አረፈ። ከአደጋው በኋላ የኖራቸው አራት ዓመት ከመንፈቅ ግን በአልጋ ላይ ያለፉ አልነበሩም። ስለ አበበ ሲወራ በባዶ እግር የሮጠው ሮም ብቻ ይነሳል፤ ይህኛው ድል ከዚያ አያንስም፣ ለብዙ ሰው የሚጠቅመውም ይህኛው ነው።

«በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ» የሚለውን ለኮንጋ ሰው ለማስረዳት ረጅም ንግግር አያሻም። በአካባቢው ያሉ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎችን ያየ ሰው፣ ታጥቦ የወጣው ቡና ከመሬት ከፍ ባሉ የማድረቂያ አልጋዎች ላይ እንዴት እንደሚያዝ ያውቃል። ሴቶቹ አልጋውን ከበው ቀኑን ሙሉ በእጃቸው ያገላብጡታል፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ሲከርር፣ ማታ ደግሞ ጤዛ እንዳያገኘው ይሸፍኑታል። አንድ ቀን ካልተገላበጠ ይሻግታል፣ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ዋጋው ይወድቃል። የሰው ገላም አልጋ ላይ እንዲሁ ነው። ሳይንቀሳቀስ በተኛ ሰው ላይ አጥንቱ ከላይ፣ ፍራሹ ከታች መሐል ያለውን ሥጋ ይጫኑታል፤ ደም መዘዋወር ያቆማል፤ ሥጋው በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። መጀመሪያ የሚታየው የማይጠፋ ቅላት ነው፣ በጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ጥቁረት ወይም ሙቀት። ከዚያ ይቆስላል። ቁስሉ እስከ አጥንት የዘለቀ እንደሆነ ሰውን በደም መመረዝ ሊገድል ይችላል። ቡናውን እንዲህ በጥንቃቄ የሚያገላብጥ እጅ እናቱን ማገላበጥ አያቅተውም፤ እንደሚያስፈልግ የሚነግረው ብቻ ነው ያጣው።

በኢትዮጵያ ይህ ሙያ ከዜሮ የሚጀምር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 በእንግሊዛዊው የጦር አውሮፕላን አብራሪ ሊዮናርድ ቼሻየር ስም የተመሠረተው ድርጅት መናገሻ ላይ በፖሊዮ የተጎዱ ልጆችን ሲቀበል፣ ሲያስታምም፣ የእግር ድጋፍ ሲሠራና ሲያስተምር ኖሯል። በአዲስ አበባ፣ በአርባ ምንጭና በሌሎች ከተሞች ሰው ሠራሽ እግርና እጅ የሚሠሩ የአካል ማገገሚያ ማዕከላት አሉ፤ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ለዓመታት ደግፏቸዋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ (ዓ.ም.) አጋማሽ የሀገሪቱን የመጀመሪያ የፊዚዮቴራፒ የዲግሪ ትምህርት ከፈተ፤ ኋላም ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት አስጀመረ።

ለጌዴኦ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ደግሞ ይርጋለም አለ። ከዲላ ወደ ሐዋሳ ሲኬድ በሲዳማ ክልል የሚገኘው የሐምሊን ፌስቱላ ማዕከል፣ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ ከከፈቱት ሆስፒታል ቅርንጫፎች አንዱ ነው። ፌስቱላን፣ ማለትም ከተራዘመ ምጥ የሚመጣውንና ሽንት መቆጣጠር የሚያሳጣውን ጉዳት፣ ብዙ ሰው በቀዶ ጥገና የሚያበቃ ነገር አድርጎ ያየዋል። ሐምሊኖች ያዩት ሌላ ነው። ለቀናት የዘለቀ ምጥ የእግርን ነርቭ ስለሚጎዳ አንዳንዷ እናት እግሯ ተንጠልጥሎ፣ መራመድ አቅቷት ትመጣለች። ሌላዋ ሽንቷን ያቆምልኝ ይሆናል ብላ ተኮራምታ ለወራት በመተኛቷ ጉልበቷ አልዘረጋ ይላል። እንዲህ ያለችው ሴት ቀዶ ጥገናው ቢሳካም በእግሯ ቆማ ካልሄደች ቤቷ አትመለስም። ስለዚህ ፊዚዮቴራፒ ከሕክምናው ጋር ተጣምሮ ይሰጣል፣ ምግብም እንደ መድኃኒት ይታያል። ጉዳታቸው ፈጽሞ ለማይጠገን ሴቶች ደግሞ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ደስታ መንደር ተሠራላቸው፤ እዚያ ሙያ ይማራሉ፣ ከብት ያረባሉ፣ አትክልት ያለማሉ። ዶክተር ካትሪን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው አርፈዋል። ሥራቸው ግን ማገገም ማለት ሰውን ወደ ኑሮው መመለስ መሆኑን በዚህ አገር ያሳየ ሥራ ነው።

ጧሪ ያጡትን በተመለከተ ደግሞ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል አለ። አቶ ቢኒያም በለጠ በጥቂት ሰዎች የጀመሩት ማዕከል ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከጎዳና አንስቶ ያጥባል፣ ያለብሳል፣ ያበላል፣ ያሳክማል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን መፈክሩን ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። በ2017 ዓ.ም. ለሕንጻው ማስጨረሻ በቀጥታ ሥርጭት በተካሄደው ማሰባሰቢያ ሕዝቡ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር አዋጥቷል። ኢትዮጵያዊ ለአረጋዊ እጁ እንደማይታጠፍ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም። ለመርዳት ሰው መሆን በእርግጥ በቂ ነው፤ ስትሮክ የመታውን ሰው ለማስነሳት ግን ከሰውነት በላይ ትንሽ ትምህርት ይጨመርበታል።

ያ ትምህርት ሲጎድል ምን እንደሚደርስ ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ የወጌሻ ጉዳይ ነው። ዛፍ የሚቆረጥበት፣ ተዳፋቱ በዝናብ የሚያንሸራትትበት፣ ሞተር ሳይክል የበዛበት አካባቢ ስብራት አያጣውም። ወጌሻው ቅርብ ነው፣ ዋጋው ቀላል ነው፣ በሕዝቡም ይታመናል፤ ወለምታንና ቀላል ስብራትን በእጁ የሚያስተካክል ጎበዝ ወጌሻ ሞልቷል። አደጋው ያለው እስሩ ላይ ነው። የተሰበረ እግር ያብጣል፤ በቀርከሃ ጠብቆ የታሰረ እንደሆነ እብጠቱ መሄጃ ያጣና ደም ይቋረጣል፤ ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ይደነዝዛሉ፣ ይጠቁራሉ። ብዙ ልጆች በስብራቱ ሳይሆን በእስሩ ሰበብ እግራቸው ተቆርጧል። በሀገራችን በተሠራ አንድ ጥናት ለወጌሻዎች የአንድ ቀን ሥልጠና ተሰጥቶ ከዚያ ወዲህ የሚቆረጠው እጅና እግር በግማሽ ያህል መቀነሱ ተመዝግቧል። አንድ ቀን ብቻ! ወጌሻውን ማባረር አላስፈለገም፤ ላልቶ እንዲያስር፣ ጣት እንዲያይ፣ አጥንቱ ቆዳ ሰንጥቆ የወጣውን ወደ ሐኪም ቤት እንዲልክ ማስተማር በቃ።

እንግዲህ ወደ 75 ሰዓቱ እንመለስ። ለኮንጋ ትልቅ ፎቅ ያለው ማዕከል ነገ ይሠራ ማለት ቅዠት ነው። ቢሠራም አብዛኛው ሰው ከቡናውና ከእንሰቱ ተለይቶ ለሳምንታት አይቀመጥበትም። ሙያውን ወደ ቤቱ ማምጣት ግን ይቻላል። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው በተለምዶ ሁለት ሠራተኞች አስቀምጧል፤ አንድ ጤና ኬላ 5,000 ያህል፣ አንድ ጤና ጣቢያ ደግሞ 25,000 ያህል ሰው እንዲያገለግል የታሰበ ነው። እነዚህ ሠራተኞች በየቤቱ ይገባሉ፤ እናቶች ጤና ጣቢያ እንዲወልዱ፣ ልጆች እንዲከተቡ ያደረጉት እነርሱ ናቸው። ለእነርሱም ሆነ በየመንደሩ ለሚመረጥ አንድ ወጣት ለረዳት ነርስ የሚበቃውን ያህል ሰዓት ስለ ማገላበጥ፣ ስለ ማጉረስ፣ ስለ ማስቆምና ስለ ማስኬድ ማስተማር ዲላ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ዞን የሚሳነው ሥራ አይመስልም። የዓለም ጤና ድርጅት ማኅበረሰብ ተኮር ተሃድሶ የሚለውን ሐሳብ ለድሃ አገሮች ያቀረበው ከ40 ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው፤ ያ ሐሳብ የተዘጋጀው ልክ እንደ ኮንጋ ላለ መንደር ነበር።

የሚያስፈልገው ዕቃም ከጓሮ አይጠፋም። ፊዚዮቴራፒስቱ የሚጠቀምባቸው ሁለት አግዳሚ ብረቶች በደጃፍ ላይ በሁለት ረድፍ ችካል ተተክሎ በላዩ በሚጋደም ቀርከሃ ይተካሉ፤ ከፍታቸው ክንድ ሲንጠለጠል እስከ እጅ አንጓ ድረስ ይሁን፣ ስፋታቸውም አንድ ሰው መሐል ገብቶ ሁለቱንም የሚይዝበት። መሐሉን የበሱት የእንጨት ወንበር የመጸዳጃ ወንበር ይሆናል፤ በዝናብ ጭቃ ጓሮ ድረስ መሄድ ለማይችል ሽማግሌ ትልቅ ክብር ነው። ለደከሙ ጣቶች ልምምድ በአሜሪካ የፕላስቲክ ኩብ ያስነሳሉ። እዚህ ሰፌድ ላይ ቡና አለ። የተሰበረውን፣ የነቀዘውን አንድ በአንድ መልቀም ጣትን፣ ዓይንንና ሐሳብን አንድ ላይ ያሠራል፤ ደግሞም እኚያ እናት ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት፣ ቤቱ የሚፈልገው ሥራ ነው። ጀበና ማንሳቱ ለኋላ ይቆይ፤ እሳትና የደነዘዘ እጅ አብረው አይሄዱም።

ከቁሳቁሱ ይልቅ የሚከብደው ልማዱን መለወጥ ነው። እኛ የታመመ ሰው ስናይ «አርፎ ይተኛ» እንላለን። ሊቆም ሲሞክር እንሮጣለን፣ ማንኪያውን ከእጁ ወስደን እናጎርሰዋለን፣ ሊናገር ሲታገል ቃሉን ከአፉ ነጥቀን እንጨርስለታለን። ሁሉም በፍቅር ነው፤ ሁሉም ግን ከመዳን ያዘገየዋል። የደከመውን እጅ ይዞ ስቦ ማስነሳትም የብዙ ቤት ስህተት ነው፤ የላላው ትከሻ ከቦታው ይወጣና ለዓመታት የማይለቅ ሕመም ይሆናል። የሚነሳው በወገቡ ተደግፎ ነው። ሲበላ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ከእያንዳንዱ ጉርሻ በኋላ በደነዘዘው ጉንጭ ውስጥ የቀረ ምግብ አለመኖሩ እየታየ ነው።

ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ሸክም ብቻውን እንዲሸከም መተውም አይገባም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ ድንበር በተነሳው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል። ሁሉን ነገር ቤተሰብ ላይ ያኖረ ሥርዓት ቤተሰቡ ራሱ ሲበተን ለአዛውንቱና ለአካል ጉዳተኛው የሚቀረው ነገር የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን ለማቋቋምና ለመርዳት የአገሪቱ አቅም በፈቀደው መጠን ሀብት እንዲመድብ ያዛል። «አቅም በፈቀደው» የሚለው ቃል መሸሸጊያ መሆን የለበትም፤ አንድ ፊዚዮቴራፒስት በየወረዳው ሆስፒታል፣ አንድ የልምምድ ክፍል፣ በወር አንድ ጊዜ ወደ ቀበሌ የሚወጣ ባለሙያ ከአቅም በላይ የሆኑ ነገሮች አይደሉም። በዓለም ላይ ከሦስት ሰው አንዱ፣ 2.4 ቢሊዮን ያህል ሕዝብ፣ በተሃድሶ ሕክምና ሊጠቀም የሚችል የጤና ችግር እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ኮንጋም በዚህ ቁጥር ውስጥ ናት።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ ግን ዛሬ ታማሚ ይዞ ሆስፒታል የተቀመጠ ሰው አንድ ነገር ማድረግ ይችላል። የመውጫ ወረቀቱ ተጽፎ፣ ባጃጁ በር ላይ ቆሞ፣ ሁሉም ለመሄድ ሲቸኩል ነርሷን ያስቁም። እንዴት እንደሚገለበጥ፣ እንዴት እንደሚቀመጥና እንደሚቆም፣ ምን እንደሚውጥ፣ ምን ምልክት ሲታይ ተመልሶ መምጣት እንዳለበት ይጠይቅ። ነርሷ አንድ ጊዜ አድርጋ ታሳየው፤ ሁለተኛውን ጊዜ እርሱ ራሱ አድርጎ ያሳያት። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።